በዓዲ ሓርማዝ ያልተቆጠረው ንፋስ

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ወጣት መሐንዲስ አሥመራ፣ ጎዳይፍ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጣች። ሳባ ትባላለች። በክንዷ ሥር የአንድ አሮጌ መዝገብ ቅጂ ይዛ ነበር። መዝገቡን ገና ከበሩ ላይ ዐወቅሁት፤ የእጅ ጽሕፈቱ የኔው ነው።

ሥራዋ በአገሩ ላይ የንፋስ ማሽን የት የት ቢተከል እንደሚያዋጣ ማጥናት ነው። የዛሬ መሣሪያ ንፋሱን ራሱ ለክቶ፣ ራሱ መዝግቦ፣ ራሱ ይልካል። እሷ ግን ብልህ ናትና የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ፈለገች። በመዝገቡ ግርጌ ፊርማዬን አይታ፣ በሕይወት መኖሬን ጠያይቃ አገኘችኝ።

«ኣቦይ፣» አለችኝ ሻሂዋን ሳትነካ፣ «የሌሎቹ ጣቢያዎች ቁጥር ሁሉ ይገባኛል። ይቺ አንዷ ብቻ እምቢ አለችኝ።» ጣቷን ዓዲ ሓርማዝ ላይ አሳረፈች። «መንደሩ ከገደል አፋፍ ላይ ነው። በግራም በቀኝም ያሉት ጣቢያዎች ጥሩ ንፋስ አላቸው። እዚህ ግን ደካማ ነው ተብሎ ተጽፏል። የሚከልለው ተራራ አለ እንዴ?»

ተራራ የለም። ይህን ግን ያን ቀን አልነገርኳትም። «ጊዜው ርቋል፣ አስቤ ልንገርሽ፣ በሳምንት ተመለሺ» ብዬ ሸኘኋት። ርቆብኝ አይደለም። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ መንደር አጥርቼ የማስታውሰው ነገር የለም። በማግስቱ ጠዋት ወረቀት አውጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

በአማርኛ መጻፌ የሚያስገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። በቤቴ የምናገረው ትግርኛ ነው፤ የምቆጣውም በትግርኛ ነው። ነገር ግን የሥራዬ ወረቀት ሁሉ፣ ያጠፋሁት ጥፋት ጭምር፣ በአማርኛ ነው የተጻፈው። ባጠፋሁበት ቋንቋ ብናዘዝ ይሻላል ብዬ ነው።

ሥራ የያዝኩት ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ አንድ ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ በአማርኛ ይሁን ተብሎ ነበር፤ አማርኛ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በአሥመራ እንደ ልብ አይገኝም። እኔ በትምህርት ቤት በአማርኛ ድርሰት የምመሰገን ልጅ ነበርኩ። ስለ ንፋስ የማውቀው ባርኔጣ እንደሚወስድ ብቻ ነው። ቀጣሪዎቼም ስለ ንፋስ አልጠየቁኝም። አንድ ደብዳቤ አስጻፉኝ፣ ፊደሌን አዩ፣ «ሰኞ ግባ» አሉኝ።

ቢሯችን ፎርቶ ከሚባለው ምሽግ ሥር ባለ አሮጌ የጣሊያን ቤት ውስጥ ሁለት ጠባብ ክፍል ነበር። ሥራችን በየአውራጃው ያለውን ንፋስ ለክቶ፣ የት ቦታ የውሃ መሳቢያ መዘውር እንደሚያዞር፣ የት ቦታ መብራት እንደሚያበራ፣ የት ቦታ ደግሞ ልብስ ከማድረቅ እንደማያልፍ ለበላይ ማስታወቅ ነው። ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ጫማቸው አቧራ የማይወድ፣ ነገር ግን ሰው የማይበድሉ ሰው ነበሩ። ካርታው ላይ ዓዲ ንፋስ የሚባል መንደር አይተው «ከዚህ እንጀምር እንጂ፣ ስሙ ራሱ ይመሰክራል» ማለታቸውን መቼም አልረሳም። ሄደን ለካን። ከጎረቤቱ መንደር በምንም አይበልጥም።

መሣሪያው ቀላል ነው። በረጅም የብረት ምሰሶ ጫፍ ላይ ሦስት ጎድጓዳ ኩባያዎች በአንድ እንዝርት ይዞራሉ። ከሥራቸው እንደ ማኪና ቆጣሪ ያለ ነገር አለ፤ ንፋሱ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። ቁጥሩ በሽቦ ወርዶ፣ ምሰሶው ወገብ ላይ ባለች ሳጥን ውስጥ ይነበባል። የመንደሩ ጠባቂ ጠዋትና ማታ አንብቦ በቅጹ ላይ ያሰፍራል፤ በወሩ መጨረሻ በአውቶቡስ ይልክልናል። የዛሬውን ከትናንቱ ቀንሶ ለሰዓቱ ማካፈል የኔ ነው። ለዚህ ሥራ የተማረ ሰው አያስፈልግም፤ የማይዋሽ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ተኽለ ናቸው። በጣሊያን ጊዜ የአየር ጠባይ ተመልካች ሆነው የጀመሩ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ካፖርት የማይለያቸው ቀጭን ሰው ነበሩ። ጣሊያንኛና ትግርኛ አጥርተው ይጽፋሉ፤ አማርኛቸው ግን እየተሰናከለ ነው የሚወጣው። ማስታወሻቸውን በሰጡኝ ቁጥር «እንካ፣ ንፋሱን አማርኛ አስተምረው» ይሉኝ ነበር። እኔም ወጣት ነኝና ቀልዱ ውዳሴ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አያ ተኽለ አዲስ መንደር ሲደርሱ መሣሪያውን ከማኪናው አያስወርዱም። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ፈልገው «አውድማችሁ የት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ገበሬ የተወቃውን እህል በመንሽ ወደ ላይ ሲበትን፣ ንፋስ ከሌለ ገለባው ተመልሶ እህሉ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አውድማ በዘፈቀደ አይሠራም፤ አያት ቅድመ አያት ንፋሱ የሚያልፍበትን አውቆ የመረጠው ቦታ ነው። «ከኛ በፊት ይህን አገር የለኩ ሰዎች አሉ፤ መዝገብ አልጻፉም ብለን አንናቃቸው» ይላሉ። ከዚያ አውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ይውላሉ። ዛፉ ወዴት እንደዘመመ፣ አቧራው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን በየት በኩል አጥብቀው እንደሚይዙ ያያሉ። ማኪና ነጂያችን በመሰልቸት ይሞታል። ምሰሶው የሚተከለው በማግስቱ ነው።

ምሰሶው ከቆመ በኋላ ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። እንዝርቱ ዘይት ሲያንሰው ቀጭን ፉጨት አለው፤ ያን ፉጨት ከታች ሆኖ መለየት ለመማር እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጠባቂዎቹንም «ከቁጥሩ ጎን ያየኸውን ጻፍ» ይሏቸዋል። ምጽዋ ያለው የጨው ሠራተኛ «ዛሬ ጀልባ አልወጣም» ብሎ ይጽፋል። የከረኑ «አህዮቹ ጀርባ ሰጡ» ይላል። እኔ እነዚህን ወደ ንጹሕ ቅጽ ስገለብጥ እተዋቸው ነበር፤ ቦታ ስለሚያጣብቡ።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ አቶ ጌታሁንን የሚያበሳጨው ይህ ነው። ለመሣሪያው ጠባቂ አያስፈርሙም። የመንግሥት ዕቃ ያለ ፊርማ አይሰጥም፤ ስለዚህ የሁሉንም ጣቢያ ዕቃ በራሳቸው ስም ፈርመው ወስደዋል። አንድ ጊዜ በቆላው አንድ ግመል አንገቱን በመወጠሪያ ሽቦው ሲያክክ ምሰሶውን ከነመሣሪያው ጣለው። ግመሉን ማን ይጠይቃል? ከአያ ተኽለ ደመወዝ ለብዙ ወር ተቆረጠ። እኔ ስለ ሳቸው ተናድጄ «ጠባቂው ቢፈርም ኖሮ ይህ አይደርስብዎትም ነበር» አልኳቸው።

«የፈረመ ሰው ዕቃውን ይጠብቃል፤» አሉኝ፣ «እኔ ደግሞ ንፋሱን የሚጠብቅልኝ ነው የምፈልገው።»

የሽማግሌ ነገር ብዬ አለፍኩት።

በዚህ ዐይነት ስድስት ዓመት አብረን ዞርን። ዐሰብ አንድ ሙሉ ዓመት ተመድቤ ሠርቻለሁ። እዚያ ንፋሱ የተመደበ ሠራተኛ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከባሕሩ መግቢያ በኩል በሰዓቱ ይመጣል፣ አሸዋ ያበላሃል። ቁጥሩን ወደ አሥመራ ስልክ አቶ ጌታሁን አላመኑም፤ ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆናል ብለው ሌላ ላኩ። ሁለተኛውም ያንኑ ተናገረ። ምጽዋ ንፋሱ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይነሣል። ደጋው ላይ ደግሞ አፋፍና ሜዳ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው፤ በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ንፋሱ በእጥፍ ይለያያል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከአያ ተኽለ ጋር ድንጋይ ላይ በመቀመጥ ነው ያገኘሁት።

ከዚያ የአያ ተኽለ ዐይን ደከመ። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቁጥር ማንበብ ሲያቅታቸው ራሳቸው የጡረታ ማመልከቻ ጽፈው፣ በኔ እጅ አማርኛ አስለብሰውት፣ ጥራቮሎ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ገቡ። የልኬቱ ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ሰው ሁሉ «አቶ» ይለኝ ጀመር፤ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የመረከቢያ ቅጽ ማዘጋጀት ነው። በጥሩ አማርኛ፣ በታይፕ፣ ሦስት ቅጂ። «ከላይ የተዘረዘረውን የመንግሥት ንብረት በሙሉ ጤንነቱ ተረክቤያለሁ። ቢሰበር፣ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ከደመወዜ ተቆርጦ፣ እንደ ሕጉም ተጠያቂ ለመሆን ፈርሜያለሁ።» አቶ ጌታሁን አነበቡና «አሁን ገና ቢሮ ሆንን» አሉ። እኔ የግመሉን ዕዳ ላለመክፈል ነበር ያሰብኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው።

ዓዲ ሓርማዝ የደረስኩት በዚያው ዓመት፣ ዝናቡ እንዳቆመ ነው። ከደቀምሐረ ወዲያ፣ ምድሩ ወደ ቆላው በሚቆረጥበት አፋፍ ላይ ያለ መንደር ነው። በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረ ጠባብ የጉድጓድ ውሃ አላቸው፤ ባልዲ አይገባበትም፣ የሚስበው ሞተርም ከጦርነቱ በኋላ ተነቅሎ ሄዷል። ውሃው እግራቸው ሥር ሆኖ ሴቶቹ በበጋ ከወንዝ ለመቅዳት ጠዋት ወጥተው ቀትር ላይ ይመለሳሉ። ለመሥሪያ ቤታችን በንፋስ የሚሠሩ ሦስት የውሃ መሳቢያዎች ሊመጡለት ነበር። የሚተከሉት ልኬቱ በመረጣቸው ሦስት ቦታዎች ነው፤ ዓዲ ሓርማዝም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበር።

የአያ ተኽለን አንዱን ልማድ ጠበቅሁ። አውድማቸውን ጠየቅሁ፣ ምሰሶውን ከአውድማው ዳር ተከልኩ። እህል የሚያናፍሱት ሰዎች «እዚህ ንፋስ? ንፋስማ ተትረፍርፎናል። የአንድ ቤት ምርት ለምሳ ሳንደርስ እናነሣለን» አሉኝ። ሌላውን ልማዳቸውን ግን በኩራት ጣልኩት። ጠባቂ እንዲሆኑ መንደሩ የመረጣቸው ባሻይ ዑቕባይ ነበሩ፤ በጣሊያን ጦር ያገለገሉ፣ ኮታቸው ያለቀ ቢሆንም ቁልፉ አንድ ያልጎደለ፣ ሃምሳን ያለፉ ሰው። ቅጹን አነበብኩላቸው፤ ወደ ትግርኛም መለስኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«እወ። እንደ ጠመንጃ ነው፣» አሉ። «ጠመንጃም ፈርሜ ነበር የምይዘው። ስመልስ አንድ ጭረት አልነበረበትም።»

ከዚያም ሕዝቡ ተሰብስቦ ስለነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ ነገር ተናገርኩ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ይህን ዕቃ በደንብ ከጠበቃችሁት ውሃው ይመጣል» አልኩ።

ባሻይ ፈረሙ። አስተካክለው፣ ቀስ ብለው፣ ስማቸውን በሙሉ።

የባሻይ ቅጽ በየወሩ አንድ ቀን ሳያሳልፍ ይመጣ ነበር። ቁጥሩ ንጹሕ፣ ሥርዝ ድልዝ የሌለው። ከቁጥሩ ጎን በየቀኑ «ዕቃው ደህና ነው» ይላል። ሌላ ምንም አይልም። ቁጥሩ ግን አነስተኛ ነበር፤ ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እህል በሚናፈስበት ወራት፣ ጭራሽ ወረደ። አያ ተኽለ ቢሆኑ ይህን ሲያዩ ካፖርታቸውን አንሥተው አውቶቡስ ይሳፈሩ ነበር። እኔ ጠረጴዛ ነበረኝ። በአገሩ ውጊያ ስለነበር የይለፍ ወረቀት ማውጣቱም በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም፤ ለዚያ መልፋት አልፈለግሁም። በሰኔ፣ የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርቱን ጻፍኩ። ስለ ዓዲ ሓርማዝ እንዲህ አልኩ፦ «ነዋሪው ንፋሱ ብርቱ ነው ቢልም፣ አስተያየቱ በልኬት አልተደገፈም።» ዐረፍተ ነገሩ በጣም አምሮኝ ነበር። አቶ ጌታሁንም በእርሳስ አሠመሩበት።

ሦስቱ መሳቢያዎች ወደ ሌሎች ሦስት መንደሮች ሄዱ። በክረምቱ ተተከሉ።

ቀጥሎ ባለው ኅዳር መሣሪያውን ነቅዬ ለማምጣት ወደ ዓዲ ሓርማዝ ወጣሁ። መምጣቴን አላስታወቅሁም። ከሰዓት በኋላ ነበር። ማኪናው የመጨረሻውን ጠመዝማዛ ሲዞር ከአፋፉ ላይ ገለባ ቢጫ ደመና ሆኖ ወደ ገደሉ ሲፈስስ አየሁ። ነጂው መስታወቱን ዘጋ። በሩን ስከፍት ንፋሱ ከእጄ ነጠቀኝ፤ ባርኔጣዬ ሄደ፣ አላገኘሁትም። ቀና ብዬ ምሰሶውን አየሁ። ሽቦዎቹ ያፏጫሉ። ኩባያዎቹ ግን አይንቀሳቀሱም።

መጀመሪያ እንዝርቱ ተበላሽቶ መሰለኝ። ቀረብ ስል ነጭ ነገር አየሁ። ሦስቱም ኩባያዎች በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልለው፣ በገመድ ከምሰሶው ጋር ተጠፍረው ታስረዋል።

ባሻይ ዑቕባይ ከአውድማው እየሮጡ መጡ። ሰላምታ ሰጡኝ፣ እንደ ወታደር።

«ጎይታይ፣ ሳይነግሩን መጡ።»

«ባሻይ፣ ምንድን ነው ያሰሩት?»

«ኩባያዎቹን ነዋ። ንፋሱ ሲበረታ ወጥቼ አስራቸዋለሁ። ሲበርድለት ወጥቼ እፈታቸዋለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ የወጣሁበት ቀን አለ። ጨርቁ የባለቤቴ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ አይፍቃቸውም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፈረምኩ ጀምሮ» አሉኝ።

ሄጄ አውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው መንገዱ ያደከመኝ መስሏቸው ባለቤታቸውን ጠሩ። ወይዘሮ ለተብርሃን በጣሳ ውሃ አመጡልኝ። ያ ውሃ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት መንገድ እንደመጣ ዐውቃለሁ። ጣሳውን መልሼ ልሰጣቸው አስቤ አፈርኩ፤ አንጠፍጥፌ ጠጣሁት። ባሻይ ይህን ጊዜ በምሰሶው ላይ በተበየዱት ብረቶች እየተንጠላጠሉ ወጡ። ንፋሱ ኮታቸውን ያራግበዋል። በአንድ እጃቸው ምሰሶውን አቅፈው፣ በሌላው ቋጠሮውን ፈቱ። ኩባያዎቹ ወዲያው ዞሩ፤ ዐይን እንዳይለያቸው ሆነው ዞሩ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያ ሳይዞሩ ቀርተዋል።

ወርደው ጨርቁን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «አንድ ጭረት የለበትም፣» አሉ። «ውሃውስ፣ አሁን ይመጣል አይደል?»

ምን እንደመለስኩላቸው መጻፍ ያሳፍረኛል። «ይጠናል» አልኩ።

መሣሪያውን ስናወርድ የተጣጠፈች ወረቀት ከደረታቸው አወጡ፤ የኔው የመረከቢያ ቅጽ ናት። መመለሳቸውን ጽፌ እንድፈርምላቸው ለመኑኝ። ጀርባዋ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ባሻይ ዑቕባይ የተረከቡትን የመንግሥት ንብረት ሳይጎድልና ሳይሰበር በሙሉ ጤንነቱ አስረክበዋል።» ፈረምኩ። አንድም ውሸት የለበትም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝና «የቐንየለይ» ብለው አመሰገኑኝ።

አሥመራ እንደገባሁ ለአቶ ጌታሁን ሁሉንም ነገርኳቸው። «ማስተካከያ ልጻፍ ካልክ አልከለክልህም» አሉኝ። «ግን መሳቢያዎቹ ቆመዋል፤ ነቅሎ የሚወስድ የለም። ማስተካከያውን ያየ ሁሉ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ለምን የሚለው ከጠባቂው ይጀምራል። ሰውየው የፈረመበት ወረቀት አለ፤ ያዘጋጀኸው አንተ ነህ።»

ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። በጥሩ አማርኛ ጀመርኩት። ወይ ባሻይን ያስጠይቃል፣ ወይ እኔን። ለባሻይ አሰብኩ ብዬ ራሴን አጽናናሁና ወረቀቱን ቀደድኩ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ፍርሃት ነው፤ አዲስ ተሹሜ ነበር፣ ላገባም ነበር።

ወደ አያ ተኽለ ሄድኩ። ጥራቮሎ፣ በረንዳቸው ላይ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። ታሪኩን ስጨርስ ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በዚያ ንፋስ ምሰሶ ላይ ሲወጣ፣ ወድቆ ያውቃል?»

«አይ፣ አልወደቁም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ቀጥሎ «ያ ሰው የታመነ ነበር። እኛ ነን አደራውን አሳስተን የሰጠነው» አሉ። «አንተ» አላሉም። «እኛ» ማለታቸው ከስድብ ይልቅ አመመኝ።

በሚቀጥለው ዓመት በራሴ ጊዜ ወጥቼ እንደገና ልለካ አስቤ ነበር። ውጊያው በርትቶ መንገዱ ተዘጋ፤ ወደዚያ በኩል የመሥሪያ ቤት ማኪና መላክ ቀረ። ከዚያ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ኃላፊ፣ ሌላ ዘመን መጣ። መዝገቡ ግን እንዳለ ቆየ፤ ወረቀት ከሰው ይልቅ ዕድሜ አለው። ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያ አገር ሰው የሆነ እህል ነጋዴ በገበያ አግኝቼ ስለ ባሻይ ጠየቅሁት። አርጅተው በሰላም ዐርፈዋል። ያቺ ወረቀት በመስታወት ገብታ እስከ መጨረሻው ግድግዳቸው ላይ ነበረች አለኝ። ስለ ውሃውም ጠየቅሁት።

«ንፋሳችን ደካማ ነው ተባልን እኮ፣» አለና ሣቀ። «መንግሥት ለክቶ ነገረን። ባርኔጣ በወሰደብን ቁጥር፣ ደካማው መጣ እንላለን።»

ሣቅሁ አብሬው።

ሳባ በሳምንቱ ተመለሰች። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ደብተሯ ጭኗ ላይ ተከፍቶ ነበር፤ ከመሐል ላይ መጻፍ አቆመች። ስጨርስ የዓዲ ሓርማዝን ቁጥር በአንድ መሥመር ሠረዘችው። ያን ቁጥር ስጽፈው የተጠቀምኩበት ብዕር ዛሬም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም።

«ለምን እንደሠረዝኩት ምክንያት መጻፍ አለብኝ፣ ኣቦይ፣» አለች። «የሰው ስም ልጥቀስ?»

«የኔን ጥቀሺ። የባሻይን አትጥቀሺ። እሳቸው የታዘዙትን ነው ያደረጉት።»

ጻፈች። ከዚያ በሚቀጥለው ወር አዲስ መሣሪያ ይዛ እንደምትሄድ፣ ጉድጓዱም እስካሁን እንዳለ ማጣራቷን ነገረችኝ። ምሰሶውን የት እንደምትተክል ጠየቀችኝ።

«አውድማቸው የት እንደሆነ ጠይቂ» አልኳት።

እስከ በሩ ሸኘኋት። ከኤርፖርቱ በኩል የከሰዓት ንፋስ ተነሥታ የጎረቤትን ልብስ በገመዱ ላይ ታወዛውዛለች። ሳባ ቅጂውን በክንዷ ሥር አጥብቃ ያዘችው።

«አሁንም ጠባቂ ይኖረዋል?» አልኳት።

«አንድ የመንደሩን ሰው እንቀጥራለን፤ አጥሩን እንዲያይልን።»

«እንግዲያው ጓለይ፣ ልጄ፣» አልኳት፣ «አታስፈርሚው።»